ምን አውቅልህ፤ ስለ ተሰወረው ሬዚስታንስ



ስለ ኤሌክትሪክ ላወራ ነው የተጠራሁት፤ ከወንዝ ብጀምር ግን አትቀየሙኝ። እዚህ ኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር የተቀመጥንበት ቤተ መጻሕፍት ዌትስቶን ይባላል። መናፈሻውም ዌትስቶን ነው፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ የምትማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ዌትስቶን ማለት ቢላ የሚሳልበት ድንጋይ ነው። ከመናፈሻው ግርጌ የሚፈሰው ወንዝ ግን ኦለንታንጂ ይባላል። በዙሪያው ያለው ሁሉ በድንጋዩ ስም ሲጠራ ወንዙ ለብቻው ለምን ተለየ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንቶቹ የአገሩ ባለቤቶች ወንዙን በዳርቻው በሚገኘው የመሳያ ድንጋይ ይጠሩት ነበር። ሰፋሪዎች መጡና ስሙን ወደ ቋንቋቸው መልሰው ዌትስቶን አሉት። በ1833 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ምክር ቤት ለወንዞች የቀድሞ ስማቸውን እንመልስላቸው ብሎ ተነሳ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም ለዚህ ወንዝ የሰጠው ስም የሌላ ወንዝ፣ ዛሬ ቢግ ዳርቢ የሚባለው ወንዝ ስም ነበር። እኛ ዘንድ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ወንዝ ስም ያወጣው ግን ምክር ቤት ነው፤ እሱም ተሳስቶ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። በዚያው በ1833 ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር የአንድን ሽቦ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲን የማገድ ጠባዩን፣ ከሌላው ጋር የሚያመዛዝን የሽቦ አያያዝ በጽሑፍ አወጣ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ ሌላ እንግሊዛዊ አነሳውና አሳወቀው፤ የመጀመሪያው ሰው ክሪስቲ መሆኑንም አልደበቀም። ቢሆንም መሣሪያው በሁለተኛው ሰው ስም ቀረ። የሰውየው ስም ቻርልስ ዊትስቶን ነው፤ መሣሪያውም የዊትስቶን ድልድይ ይባላል። ዊትስቶንና ዌትስቶን ዝምድና የላቸውም፤ የሚያመሳስላቸው ድምፅ ብቻ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ወንዝ የሌላ ወንዝ ስም ተሸከመ፤ አንድ መሣሪያ ደግሞ ኋላ የሌላ ሰው ስም የሚሸከምበትን ጉዞ ጀመረ። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በፊዚክስ ክፍል የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው፤ የአንዱን ስም ለሌላው ይሰጣሉ፣ መልክ አይተው ይፈርዳሉ። የዛሬው ነገሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስምና መልክ ያታልላሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ግን አይዋሽም።

*

ያልታወቀ ነገር መፈለግ ለእኛ አዲስ አይደለም። ማታ ማታ አያቶቻችን ዙሪያ ቁጭ ብለን ስንጫወት «እንቆቅልህ» ስንባል የምንመልሰው «ምን አውቅልህ» ብለን ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ መልስ የልማድ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የመፍትሔው መጀመሪያ እዚያው ውስጥ አለ። ያላወቅኸውን ከመፈለግህ በፊት የምታውቀውን ጠይቅ። ምን አውቃለሁ? የቱ ቁጥር በእጄ ነው? ያ ቁጥርስ የማን ነው?

ሦስት ነገሮችን እንወቅ። ቮልት የሚገፋው ነው፣ አምፔር የሚፈሰው ነው፣ ኦም ደግሞ የሚያግደው ነው። ጌኦርግ ኦም፣ ራሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረ ጀርመናዊ፣ የሦስቱን ዝምድና በ1827 አሳተመ፦ ቮልት ማለት አምፔር ሲባዛ በኦም ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ካወቅህ ሦስተኛው ያንተ ነው።

የሚያግዱት፣ ሬዚስተር የሚባሉት፣ ብዙ ሲሆኑስ? በ1845 ጉስታቭ ኪርኾፍ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ ሁለት ሕግ አወጣ። ልጆች፣ 21 ዓመት ነው ያልኩት። የመጀመሪያው ሕግ፦ ወደ መገናኛ የገባው ኮረንቲ ሁሉ ከመገናኛው ይወጣል። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በሦስት በር ሲበተን በየበሩ የወጣውን ብትቆጥሩ ድምሩ ውስጥ ከነበረው ሰው ጋር እኩል ነው። መንገድ ላይ የሚተን ሰው የለም።

ሁለተኛውን ሕግ በእግራችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከዚህ ከሃይ ስትሪት ወደ ወንዙ ስትወርዱ አንዱ ቀጥ ብሎ በሣሩ ላይ ይወርዳል፤ ሌላው በጽጌረዳው መናፈሻ ዞሮ፣ አበባውን እያየ ይወርዳል። የአንዱ መንገድ አጭር፣ የሌላው ረጅም ነው። ተነስተው የደረሱበት ቦታ አንድ እስከሆነ ድረስ ግን የወረዱት ቁልቁለት እኩል ነው። ቮልቴጅ እንደዚያ ቁልቁለት ነው።

ከዚህ ሁለት ቃል ይወለዳሉ። ተከታታይ፣ ባለሙያው ሲሪስ የሚለው፦ መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ኮረንቲው በሁሉም ውስጥ እኩል ነው፤ ቁልቁለቱን ግን ይካፈሉታል። ትይዩ፣ ፓራለል የሚባለው፦ መነሻና መድረሻቸው አንድ ስለሆነ ቁልቁለቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ኮረንቲውን ግን ይካፈሉታል። በተከታታይ ስትጨምር እገዳው ይበዛል። በትይዩ ስትጨምር እገዳው ያንሳል፤ በር ሲጨመር ወረፋ እንደሚያጥር።

*

እስቲ አንዷን ጥያቄ አብረን እንፍታ። ወረቀት ያላችሁ ሳሉ።

ባለ 24 ቮልት ባትሪ አለ። ከሱ የሚወጣው ኮረንቲ መጀመሪያ በ5 ኦም ሬዚስተር ያልፋል። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ 9 ኦም፣ በሌላው ያልታወቀ ሬዚስተር አለ። ቅርንጫፎቹ ተገናኝተው ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። ከባትሪው የሚወጣው ኮረንቲ 3 አምፔር ነው። የተሰወረው ስንት ኦም ነው?

ብዙ ተማሪ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ቀመሩን ያስታውሳል፤ 24ን ለ9 ያካፍልና 2.67 አምፔር ያገኛል። ከ3 ላይ ሲቀንሰው 0.33 ይቀረዋል። 24ን ለ0.33 ሲያካፍል 72 ኦም ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ካልኩሌተሩም አልተሳሳተም። መልሱ ግን ስህተት ነው። ለምን? 24 ቮልት የባትሪው እንጂ የ9 ኦሙ አይደለም። ልጁ እንደ ምክር ቤቱ የሌላውን ስም ለዚህ ሰጠ።

አሁን «ምን አውቅልህ» እንበል። የ5 ኦሙን ኮረንቲ አውቃለሁ፤ ከባትሪው የወጣው ሁሉ በሱ ስለሚያልፍ 3 አምፔር ነው። እንግዲያው 3 ጊዜ 5፣ 15 ቮልት እዚያ ወረደ። ከ24 ላይ 15 ሲነሳ ለቅርንጫፎቹ የቀረው 9 ቮልት ነው። ቅርንጫፎቹ ትይዩ ስለሆኑ ይህ 9 ቮልት የሁለቱም ነው። በ9 ኦሙ ውስጥ 9 ለ9፣ 1 አምፔር ያልፋል። ከ3 አምፔር የቀረው 2 በተሰወረው ውስጥ ያልፋል። 9ን ለ2 ስናካፍል 4.5 ኦም። ተገኘ።

እዚህ አናቁም። የፈታችሁትን ወደ ኋላ እጠፉት። 9 እና 4.5 በትይዩ፦ ብዜታቸው 40.5፣ ድምራቸው 13.5፣ አንዱን ለሌላው ብናካፍል 3 ኦም። ከፊት ያለው 5 ሲጨመር 8 ኦም። 24 ለ8፣ 3 አምፔር። ከተነሳንበት ደረስን። እናቶቻችን የተወሳሰበ ፈትል የሚፈቱት እንዲህ ነው። ውሉን ሳይዙ መሐሉን አይጎትቱም፣ መሐሉን መጎተት ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ውሉን ይዘው ቀስ እያሉ ይመጣሉ፣ ሲጨርሱም መልሰው ይጠቀልሉታል።

*

ስም እንደሚያታልል አየን። አሁን መልክ እንዴት እንደሚያታልል ላሳያችሁ።

ሦስት ባለ 6 ኦም ሬዚስተሮች በአንድ መስመር ተሰልፈው ተስለዋል እንበል። ከግራ ወደ ቀኝ በየመጋጠሚያው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን እንጻፍ። አንደኛው ሬዚስተር ከሀ እስከ ለ፣ ሁለተኛው ከለ እስከ ሐ፣ ሦስተኛው ከሐ እስከ መ። ከዚያ አንድ ባዶ ሽቦ ከላይ ዘሎ ሀን ከሐ ጋር ያያይዛል፤ ሌላ ባዶ ሽቦ ከታች ዞሮ ለን ከመ ጋር ያያይዛል። ከሀ እስከ መ ስንት ኦም ነው?

ዓይን «ተሰልፈዋል፣ ተከታታይ ናቸው፣ 18» ይላል። ቆይ በሉት። በአማርኛ ሀ እና ሐ መልካቸው ይለያያል እንጂ ድምፃቸው አንድ አይደል? እዚህም እንዲሁ ነው። በባዶ ሽቦ የተያያዙ ነጥቦች አንድ ነጥብ ናቸው። ሀ እና ሐን በቀይ እርሳስ ቀቡ፤ ለ እና መን በሰማያዊ። አሁን እንደገና ተመልከቱ። አንደኛው ሬዚስተር አንድ እግሩ ቀይ፣ አንድ እግሩ ሰማያዊ ላይ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስቱም ትይዩ ናቸው! መልሱ 18 ሳይሆን 2 ኦም ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ከካልኩሌተር በፊት ባለ ቀለም እርሳስ አውጡ። ስዕሉ የሠዓሊው ምርጫ ነው፤ ሌላ ሰው ቢስለው ሌላ መልክ ይኖረዋል። መያያዣው ግን ያው ነው።

*

ወላጆች፣ እስካሁን በትዕግሥት ሰምታችሁኛል። አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ።

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስመጣች እንበል። ምጣዱ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፤ ኃይሉ፣ ማለትም ቮልቱ ሲባዛ በአምፔሩ፣ 3,600 ዋት። ክሊንተንቪል ካሉት ከ1920ዎቹ ቤቶች በአንዱ ትኖራለች። የሶኬቱን እግር አስለውጣ ሰካችው። ሊጡን አፈሰሰች፣ ከደነች፣ ጠበቀች። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ነጭ ሆኖ ተለጠፈ። ጤፉን ጠረጠረች፣ እርሾውን ጠረጠረች፣ የኮሎምበስን ብርድም ሳትጠረጥር አልቀረችም።

ጥፋቱ የጤፉ አይደለም። የምጣዱ ሽቦ፣ ጠጋኞቹ ራሱን ሬዚስታንስ የሚሉት፣ 13.4 ኦም ገደማ ነው፤ 220 ሲባዛ በ220፣ ለ3,600 ተካፍሎ። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው። 120 ለ13.4 ስናካፍል 9 አምፔር አይሞላም፤ ኃይሉም ወደ 1,070 ዋት ይወርዳል። ቮልቱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ሙቀቱ ከሢሶ በታች ሆነ። ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው የሚወርደው። በዚህ እሳት እንጀራ ዓይን አያወጣም።

አንድ ብልህ ጎረቤት ይመጣና ሽቦውን መሐል ላይ ከፍለን ሁለቱን ግማሾች በትይዩ እንሰራቸው ይላል። ስሌቱ ያምራል። እያንዳንዱ ግማሽ 6.7 ኦም፤ በትይዩ 3.35 ኦም ገደማ። ኃይሉ ከ4,000 ዋት ይበልጣል፤ እሳት ሞላ! ኮረንቲው ግን 36 አምፔር ገደማ ይሆናል። የቤታችሁ ተራ መስመር የተሠራው ለ15 ወይም ለ20 አምፔር ነው። ብሬከሩ ይወድቃል፤ ካልወደቀ ደግሞ የባሰ ነው። ያንኑ ምጣድ ሽቦው ሳይከፈል የልብስ ማድረቂያው ወደሚሠራበት ዓይነት የ240 ቮልት መስመር ብትወስዱት ኃይሉ ያው ከ4,000 በላይ ነው፤ ኮረንቲው ግን 18 አምፔር ገደማ ብቻ። እሳቱ አንድ፣ ሸክሙ ግማሽ። ያም ቢሆን ምጣዱ ከተሠራበት ኃይል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያልፍ ማስተካከያ ይፈልጋል። መስመሩን መዘርጋት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የብልህ ጎረቤት አይደለም።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ምጣዱን ስትሰካ ሌላም ነገር አስተውላለች፤ የማድ ቤቱ አምፖል ደብዘዝ አለ። በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ ያለው «ያልታወቀ ሬዚስተር» በእውነተኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው እዚህ ነው። ሽቦውም ራሱ ሬዚስተር ነው፤ ከምጣዱ ጋር በተከታታይ የቆመ። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ 120 ቮልት፣ ሲሰካ 114 ቮልት ቢያሳይ፣ 6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ኮረንቲው 114 ለ13.4፣ 8.5 አምፔር ነው። እንግዲያው የተደበቀው 6 ለ8.5፣ 0.7 ኦም ገደማ ነው። ግድግዳ ሳናፈርስ አገኘነው።

ትንሽ ቁጥር ናት? 6 ቮልት ሲባዛ በ8.5 አምፔር፣ 51 ዋት ይመጣል። ደህና የመዳብ መስመር በአንድ ቤት ውስጥ ባለ ርቀት የዚህን ሢሶ ያህል ቢኖረው ነው። ትርፉ ምናልባት በአንዲት በላላች መጋጠሚያ ውስጥ ነው። የአንድ የድሮ ባለ ሽቦ አምፖል ያህል ሙቀት ግድግዳው ውስጥ፣ የ100 ዓመት እንጨት አጠገብ ሲነድ አስቡት። የሰፈራችን አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬም በሸክላ ማያዣዎች ላይ የተዘረጋ የጥንት ሽቦ አላቸው። አምፖል ሲደበዝዝ አትለፉት። ቤቱ እንቆቅልህ እያላችሁ ነው።

*

አሁን ወደ ዊትስቶን ድልድይ፣ በእውነተኛው ስሙ ወደ ክሪስቲ ድልድይ እንመለስ፤ እስካሁን የያዝነው ዘዴ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሁለት ቅርንጫፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሬዚስተር። እስካሁን ቀላል ነው። ከዚያ በሁለቱ ቅርንጫፎች መሐል አንድ መሻገሪያ ሽቦ፣ ከነመለኪያው፣ ይዘረጋል። አሁን ማን ከማን ጋር ተከታታይ ነው? ማንም። ማን ከማን ጋር ትይዩ ነው? ማንም። ማጠፍ አይቻልም። ተማሪው እዚህ «አገር ስጠኝ» ሳይባል አገር ይሰጣል። አትስጡ። የኪርኾፍ ሁለት ሕጎች እዚህም ይሠራሉ፤ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይጠይቃሉ እንጂ።

የክሪስቲ ብልሃት ግን ይህንን መከራ መሸሽ ነው። አንዱን ሬዚስተር እየለዋወጠ መሻገሪያው ላይ ያለው መለኪያ ዜሮ እስኪል ይጠብቃል። ዜሮ ሲል በመሻገሪያው የሚያልፍ የለም፤ እንደሌለ ቁጠሩት። ያኔ የላይኛው ከታችኛው ጋር ያለው ንጽጽር በሁለቱም ቅርንጫፍ እኩል ነው። በአንዱ በኩል 100 እና 200 ቢሆኑ፣ በሌላው 150 ላይ ስታደርሱት ቢመዛዘን፣ የተሰወረው 300 ነው። ባትሪው ቢደክም እንኳ መልሱ አይለወጥም፤ የለካችሁት ማመዛዘንን ብቻ ነውና። የገበያ ሚዛን እኮ ነው።

በእርግጥም ዛሬ ሚዛን ሆኗል። አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣችሁን በእጅ የሚንጠለጠል ዲጂታል ሚዛን ላይ ትሰቅላላችሁ፤ 50 ፓውንድ አለፈ አላለፈ ብላችሁ በርበሬውን ታወጣላችሁ፣ ጫማውን ትመልሳላችሁ። በዚያ ሚዛን ውስጥ ሲሳብ ሬዚስታንሱ በጥቂቱ የሚለወጥ ቀጭን ሽቦ፣ በክሪስቲ አያያዝ ተሰርቶ አለ። ሻንጣው ብረቱን ያጎብጣል፣ ብረቱ ሽቦውን ይስባል፣ ድልድዩ ሚዛኑን ይስታል፤ ያ ስህተት ነው ፓውንድ ሆኖ የሚነበበው። ክሪስቲን በስሙ ያላከበርነው እኛ ክብደታችንን ሁሉ በሱ እንለካለን።

*

ጊዜዬ አለቀ። የምትወስዱት ብዙ አይደለም። ቁጥር ስታገኙ የማን ነው በሉ። ስዕል ስታዩ ቀለም ቀቡ። ስትጨርሱ መልሳችሁ እጠፉ።

እንግዲህ ልጆች፣ ሳንለያይ አንድ ነገር። እንቆቅልህ!

መልካም። አንድ የታሸገ ሳጥን አለ። ከውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ወጥቷል። ውስጥ ሦስት ባለ 6 ኦም ሬዚስተሮች እንዳሉ፣ ሦስቱም ሥራ ላይ እንደሆኑ ተነግሯችኋል። በሁለቱ ሽቦዎች መሐል ስትለኩ 4 ኦም ታገኛላችሁ። ሳጥኑን ሳትከፍቱ ሦስቱ እንዴት እንደተያያዙ ንገሩኝ።

በሚመጣው ስንገናኝ መልሱን ይዞ የመጣ አንድ ልጅ ከሌለ አገር እቀበላለሁ። የምጠይቀውን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ክሊንተንቪልን ነው፣ ከነወንዙ። የወንዙንም ስም እኔው አስተካክለዋለሁ።